ያልተጨበጨበለት ቁጥር

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ መለኪያ ቀን ነበር። ወረድኩ! መቶ ሠላሳ ሁለት። ባለፈው ወር መቶ አርባ ነበርኩ።

ልጄ ይህን ደብተር ስትሰጠኝ፣ «እማዬ፣ ለኛ ከምታወሪው ግማሹን ለዚህ አውሪለት፤ እኛ እንረፍ» አለችኝ። እሺ። አዲስ ደብተር ስለሆነ ከሥሩ ልጀምርለት… ደም ግፊት ያለብን የሰፈሩ ሰዎች ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ከጤና ጣቢያው በር ተነስተን እስከ ውኃ ታንከሩ እንሄዳለን፣ እንመለሳለን። ከፊት የሚመራን ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው። ፊሽካው ከአንገቱ ስለማይወርድ ስሙም ፊሽካ ሆኖ ቀረ። በወር አንዴ የጤና ጣቢያው ሲስተር ከግቢው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ታወጣና አንድ በአንድ ትለካናለች። መድኃኒት የሚታደለውም እዚያው ነው። ቁጥራችንን ጮክ ብላ ትጠራዋለች። የወረደለት ሰው ይጨበጨብለታል። አይ ጭብጨባ! ዛሬ ለኔ ግቢው በአንድ እግሩ ቆመ። ፊሽካ እንኳ ነፋልኝ። እኔም እንደ ሙሽራ ግራና ቀኝ እጅ ነሳሁ። ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኛል።

እትዬ ዛሬም አልመጣችም። ታላቄ ናት፣ ቤቷ ከሱቃችን ፊት ለፊት ነው፣ ወደዚህ ጉዞ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። አሁን «ጉልበቴ» ትላለች። ገበያ ስትሄድ ግን ጉልበቷ ምንም አይላትም። አኩርፋኝ ይሆን? በምን?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ወሬ አለ! ከጉዞ ስንመለስ የፕሮግራሙ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ቀጭን ሰው ነው። ሲናገር የእስክሪብቶውን ቂጥ እየተጫነ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ሊገመገም ነው። የሚገመግመው ደግሞ እሱ አይደለም፣ ሲስተርም አይደለችም። ከውጭ የሚቀጠር ነው።

«ለምን ከውጭ? እናንተው አታውቁትም?» አልኩት።

«እኛ ራሳችንን ብንመዝን ማን ያምነናል?»

ገምጋሚው የሚለውን ይዘው ነው በጀት ሰጪዎቹ ለሚቀጥለው ዓመት የሚወስኑት። ይቀጥላል ወይ ይዘጋል። ከዚያ ደግሞ፣ ገምጋሚውን በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ከተጓዦቹ አንድ ሰው ይግባ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

«እሷ ትግባ» አለ ፊሽካ፣ «ቢያንስ ዝም አትልም።»

በሙሉ ድምፅ አለፍኩ። የተቃወመ የለም… እንደውም ሳቁ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። እኔ ከሱቁ ፊት ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ፣ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ይሰፋል። የስፌት መኪናውን አቆመና፣ «ኮሚቴ? የኮሚቴ ነገር ምስጢር አለበት እኮ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እነሱን አንድዬ ይርዳቸው።»

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ስብሰባ። አምስት ሰዎች፣ አምስት ወንበር፣ አንዱ ወንበር እግሩ የላላ። የተረፈኝ እሱ ነበር። ኃላፊው፣ ሲስተር፣ ከጤና ቢሮው የመጣ ዶክተር፣ ከረሜላ ከአፏ የማይጠፋ ሂሳብ ሹም፣ እና እኔ። የቢሮው መስኮት የሚከፈተው ወደ ደረጃው ነው። ሽቅብ የሚወጣ ሰው ሁሉ ጫማው ይታያል። ከንግግሩ ይልቅ ጫማ ሳይ ነበር ለማለት ይቻላል።

መስፈርት አወጣን። ልምድ፣ የአሠራር ዘዴ፣ ዋጋ፣ ጊዜ። ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፣ ጠየቅኩ።

«ደስ እንዲለን ብሎ የሚዋሸንን እንዴት እንለየዋለን?»

«እሱ መስፈርት አይሆንም» አለ ኃላፊው።

ዶክተሩ ሳቀ። «ቢሆን ጥሩ ነበር።»

መስፈርት ሆኖ አልተጻፈም። እዚህ ጻፍኩት።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

መቶ ሠላሳ! ጭብጨባ። እጄ እስኪቀላ እኔም ለሌላው አጨበጨብኩ።

ከሰዓት ዳቦ ይዤ እትዬ ጋ ገባሁ። ድንች ትልጣለች።

«ሲስተር ጠይቃሻለች» አልኳት።

«ደህና ናት በያት።»

«መድኃኒትሽን ማን እያመጣልሽ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ድንቹን ልላጥበት።»

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ለሷ አሁንም «አንቺ ልጅ» ነኝ። ደግሞ ድንቹን ስትልጥ ሥጋውን ከልጣጩ ጋር ነው የምትጥለው። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። የት?

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ተወዳዳሪዎቹ መጡ። ዛሬ ስንቱን አየሁ!

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወንዶች ናቸው። ሱፍ ለብሰዋል። የአንደኛው የኮት ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ዓይኔ እሱ ላይ ተተከለ። መርፌ ቢኖረኝ ኖሮ ንግግሩን አስቁሜ እሰፋለት ነበር። «የፕሮግራማችሁን ውጤታማነት በቁጥር እናሳያለን» አሉ። የሚመጡትን ተጓዦች ሁሉ ይለካሉ፣ ከመጀመሪያው ወር ጋር ያስተያያሉ፣ አለቀ። የኃላፊው ፊት በራ። እውነቱን ልናገር፣ የኔም በራ። ጎበዝ ሲባል ማን ይጠላል?

ሁለተኛዎቹ ትልቅ ድርጅት ናቸው። ሥዕል የሚያሳየው ማሽናቸው ከግድግዳው ጋር አልስማማ ብሎ ብዙ ጠበቅን። ከዚያ ቀስት፣ ክብ፣ ሌላ ቀስት… ቀለሙ ያምራል። ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ እንጂ ቀለሙን አስታውሳለሁ። ሂሳብ ሹሟ ዋጋቸውን ስታይ ከረሜላዋ ትን አላት።

ሦስተኛዋ ብቻዋን መጣች። ወጣት ናት፣ ልጄን ብትበልጣት በጥቂት ነው። የጨርቅ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ምንም ሳትከፍት መጠየቅ ጀመረች። እኛ ልንጠይቃት ተቀምጠን!

«ሲጀመር ስንት ሰው ነበር?»

«ሰማንያ ገደማ» አለች ሲስተር።

«አሁንስ?»

«ሃምሳ… ሃምሳ አይሞሉም።»

«የቀሩትስ የት ናቸው?»

አንድ ጫማ በመስኮቱ አለፈ።

«ሰው ይሰለቻል» አለ ኃላፊው።

«ሰለቸን ብለዋችሁ ነው? ጠይቃችኋቸው?»

አልጠየቅናቸውም። ማን ይጠይቃል? የመጣውን ነው የምናየው። እኔ ግን ያን ጊዜ እትዬ ድንች ስትልጥ በዓይኔ መጣችብኝ።

«እኔ ብቀጠር ከነሱ ነው የምጀምረው» አለች። «ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ ይህ ፕሮግራም አይሠራም ብዬ ልጽፍ እችላለሁ።»

የኃላፊው እስክሪብቶ ቀጭ ማለቱን አቆመ።

ስሟን ጠያቂዋ አልኳት። ለራሴ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ከጉዞው በኋላ ድምፅ ሰጠን። ሁለተኛዎቹ በዋጋቸው ወደቁ። ቀሩ ባለተንጠልጣይ ቁልፎቹና ጠያቂዋ።

ኃላፊው፦ «ልምድ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው።»

ሲስተርም ወደ እሱ ሄደች። «ይቅር በሉኝ» አለች፣ «ሰውን ከቤቱ ለማስወጣት በር ለበር የዞርኩት እኔ ነኝ። አሁን አንዲት ልጅ መጥታ አይሠራም ብትለኝ…» አልጨረሰችውም። አሳዘነችኝ።

ዶክተሩና ሂሳብ ሹሟ ለጠያቂዋ ሆኑ። ሁለት ለሁለት። አሁን ሁሉም ወደ ላላው ወንበር ዞሩ።

ለጠያቂዋ እጄን አወጣሁ።

«ምክንያትሽ?» አለ ኃላፊው።

«ጥያቄዋ… መልሱን ማወቅ ፈለግኩ።»

«ማወቅ ስለፈለግሽ?»

«አዎ።»

«መልሱ ፕሮግራሙን ቢያዘጋውስ?»

እጄን ግን አላወረድኩም። ደግነቱ ወንበሩም አልተንገዳገደም።

አሁን ቤቴ ተቀምጬ ሳስበው ፈራሁ። ጉዞው ባይኖር ጠዋቴን ምን ላደርገው ነው? ከነማን ጋር ልስቅ ነው? የማወቅ ጉጉትሽ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብሻል ስትለኝ እናቴ…

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ምስጢር ነበር መሰለኝ። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ውኃ ታንከሩ ጋ ስንደርስ ሁሉም ያውቃል።

«ተቆጣጣሪ አመጣሽብን አሉ!» አለ ፊሽካ።

«ጠያቂ ናት እንጂ።»

«ተቆጣጣሪም የሚጠይቅ ሰው ነው።»

ከዚያ ምክክር ተጀመረ። እስክትሄድ ጨው ይቁም። መድኃኒት አይዘለል። ቁጥራቸው ያማረ ከፊት ይሰለፉ። «ስትመጣ ደግሞ ፈገግ በሉ፣ የታመመ አትምሰሉ» አለ ፊሽካ። «ታዲያ ጤነኛ ከሆንን ለምን እንሄዳለን?» አልኩት። ፊሽካውን ነፋብኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ጠያቂዋ መጣች። የጨርቅ ቦርሳዋን ይዛ ከሁላችንም ኋላ ሄደች፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ። ግቢ ስንመለስ ከዛፉ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መለኪያ ቀን ስለሆነ የተመከረው ሁሉ በሥራ ላይ ዋለ። ያማሩት ከፊት፣ ፈገግታው በገፍ። አንዱ ፈገግ ሲል አዲሱን ጥርሱን አየሁለት። ጭብጨባው ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። የኔ መቶ ሠላሳ ሁለት ነበር፣ ሁለት ጨምሯል፣ «ያው ነው» ተብሎ ተጨበጨበልኝ።

የገረመኝ ግን ጠያቂዋ የምታየው የሚለካውን አይደለም። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁትን ነው። ምን አላቸው እነሱ? ቁጭ ብለዋል፣ በቃ።

ሊያልቅ ሲል ጠጋ አልኳት። ወይም ተጠጋችኝ። ሁለታችንም ሳንሆን አልቀረንም።

«እናቴ፣ ጭብጨባውን ማን ጀመረው?»

«እናቴ? ገና በአርባዎቹ ውስጥ ነኝ!»

ሳቀች። «እሺ፣ እህቴ። ማን ጀመረው?»

«ማንም። በራሱ ጊዜ መጣ።»

«ደስ ይላል?»

«ይላል እንጂ!»

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ሰው እንዲህ ሲነቀንቅ «ልክ ነሽ» ማለቱ ነው። የሷ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ጠያቂዋ ዛሬ እትዬ ቤት ገባች!

በሱቁ በር በኩል አየኋት። አንኳኳች፣ እትዬ ከፈተች፣ ገባች፣ በሩ ተዘጋ። ከዚያ… ምንም። የመንገዱ ማዶ እንዲህ ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዲት ደንበኛ ዚፕ ብትለኝ ጥቁር ክር ሰጠኋት። «ዚፕ ነው ያልኩት» ስትለኝ ነጭ ክር ሰጠኋት። ባለቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ ዚፑን ሰጣትና ተመለሰ።

ድንች የሚያበስል ያህል ጊዜ አልፎ ወጣች። መንገዱን ተሻግሬ ያዝኳት።

«ምን አለችሽ?»

«አይነገርም።»

«እህቴ ናት እኮ!»

«ለዚያ ነው የማይነገረው።»

እንዲህ ይባላል? ቆሜ ቀረሁ። ሄጄ እትዬን ጠየቅኳት። «ተጠየቅኩ፣ መለስኩ» አለች። ዓይኗ ግን ቀላ ብሏል። አልቅሳ ነበር? እኔ የእናቷ ልጅ እያለሁ ለእንግዳ ሰው?

«ልፈነዳ ነው» አልኩት ባለቤቴን።

«ከመፈንዳትሽ በፊት ንገሪኝ፤ የደንበኛ ጨርቅ ላንሳ።»

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

አልነገረችኝም። አንዳቸውም።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ጠያቂዋ የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ ጋም ገብታለች አሉ። እሱም ድሮ ከኛ ጋር ይሄድ የነበረ ነው። ከኔ ኋላ ሲያፏጭ ትዝ ይለኛል። መቼ ቀረ? አላስታውስም። ይህ ነው የሚገርመኝ፣ ሰው ሲመጣ እናያለን፣ ሲቀር አናይም።

ለምን ይቀራሉ? ግምቶቼ፦ መንገዱ ረዝሞባቸው… ጫማ የላቸው ይሆናል… ሰዓቱ ከሥራ ጋር አልሄድ ብሎ። ወይስ የፊሽካ ፊሽካ? ይህን ለፊሽካ ነገርኩት። «ያንቺ ወሬ ቢሆንስ?» አለኝ። ሳቅን። ቤት ስገባ ግን… ወሬዬ ይሆን እንዴ?

ጥር 9፣ ቅዳሜ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ተራዬ ደረሰ። እየሳቅኩ ተቀመጥኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። ሲስተር የመለኪያውን ጨርቅ ክንዴ ላይ ጠቅልላ ነፋችው፣ አየችው፣ እንደገና ነፋችው። ከዚያ እንደልማዷ ጮክ ብላ፦ «መቶ ሃምሳ ስምንት።»

አንድ ሰው ከኋላ ከልማድ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጧ። ብቻውን። ከዚያ ዝም።

ያን ዝምታ አላውቀውም ነበር። ከውስጡ ሆኜ አላውቀውማ። ፊሽካ የጫማውን ክር ያጠብቃል። አጠገቤ የነበረችው ሴት ወንበሯን ጠጋ… አይ፣ ሸሸት አደረገችው። አንዷ «አይዞሽ» አለችኝ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው። ቃል አጥቼ የማላውቀው ሴትዮ አፌ ተያዘ። ጨው አልበላሁ፣ መድኃኒቴን አልዘለልኩ፣ ጉዞ አልቀረሁ። ምን አጠፋሁ? ደሞ ማን አጠፋሽ አለኝ?

እጄን ከመለኪያው ጨርቅ ሳወጣ፣ የሚቀጥለው ወር ባልመጣስ ብዬ አሰብኩ። ቢጠይቁኝ ጉልበቴን አመመኝ ብላቸውስ…

እና እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ጉልበት!

ሱቅ አልገባሁም። በቀጥታ እትዬ በር። ሳላንኳኳ ገባሁ።

«መቶ ሃምሳ ስምንት» አልኳት።

አየችኝ። ብዙ አየችኝ።

«ጭብጨባስ?»

«የለም።»

አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ በራሷ ጊዜ ተናገረች፣ ግድግዳውን እያየች።

«ሦስት ወር ሄድኩ። መድኃኒቴን ውጬ፣ ጨዉን ትቼ፣ ከኋላችሁ እያለከለክሁ። ሦስት ጊዜ ተለካሁ፣ ሦስት ጊዜ ወጣብኝ። ሦስት ጊዜ ዝም አላችሁ። በአራተኛው ጉልበቴ ታመመ።»

«ለምን አልነገርሽኝም እትዬ?»

«ከሁሉ አብልጠሽ የምታጨበጭቢው አንቺ ነሽ። እንዲያ ደስ ብሎሽ፣ ምን ብዬ ላጥፋብሽ?»

«ለሷ ግን ነገርሻት።»

«እሷ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ዝም አለች። አንቺ ጠይቀሽኝ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ?»

…አላውቅም። እውነቷን ነው።

«መድኃኒትሽስ?»

ባዶውን የመድኃኒት ብልቃጥ አሳየችኝ። መድኃኒቱ የሚታደለው እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ከቀረች ጀምሮ አንድ ፍሬ አልዋጠችም። እዚህ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ በየቀኑ እያየኋት!

ጥር 11፣ ሰኞ

ሲስተር ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት ጠብቄ እትዬን ወሰድኳት። በኋላው በር ገባን። ሲስተር ስታያት ደነገጠች፣ አቀፈቻት፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛት ገባች። በሩን ዘጋሁላቸው። ከውጭ በኩል። ጆሮዬን አልለጠፍኩም። አዎ ተጠግቼ ነበር፣ ግን አልለጠፍኩም።

ሲወጡ የሲስተር ፊት ልክ አልነበረም። የእትዬ መድኃኒት ድሮም አይበቃትም ነበር። ጠንከር ያለ ተሰጣት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ ተባለች። «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ…» አለችኝ ሲስተር ለብቻዬ። ጨርሺው አላልኳትም።

ከዚያ ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። «እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ የምጠራው እንድትበረቱ ብዬ እኮ ነው።»

«እኛም የምናጨበጭበው እንዲበረቱ ብለን ነው» አልኳት።

ሁለታችንም ዛፉን አየነው።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ጠያቂዋ ያገኘችውን ነገረችን። ኮሚቴው፣ ተጓዦቹ፣ ሁሉም በጤና ጣቢያው አዳራሽ። እትዬ አልመጣችም፣ «አንቺ ስሚልኝ» አለች። ጉድ ነው! እኔ ልስማ!

መጀመሪያ ጥሩውን ተናገረች። የሚሄዱት ሰዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ፣ እንቅልፋቸው ጥሩ ነው፣ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ፊሽካ ደረቱን ነፋ። ከዚያ፣ «ግን» አለች። የቡድኑ የግፊት ቁጥር ከወር ወር ከወረደው ግማሹ የሰው ጤና ስለተሻሻለ አይደለም። ቁጥራቸው ከፍ ያለ ሰዎች እየተዉ ስለሄዱ ነው።

ይህ ቶሎ አልገባኝም። በኋላ በራሴ ነገር ገባኝ። ከቁልፍ ሳጥኔ ትልልቆቹን አውጥቼ ብጥልና «አያችሁ፣ ቁልፎቼ አነሱ» ብል ማለት ነው። አንዱም ቁልፍ አላነሰም።

«ለምንድን ነው የሄዱት?» አለ ዶክተሩ።

ጫማ ያሉ አሉ። የሥራ ሰዓት ያሉ አሉ። (ሁለቱን ገምቻለሁ!) ከሁሉ የበዛው ግን አለካኩ ነው። ሰው ፊት መጠራቱ፣ ከዚያ የሚመጣው ዝምታ። የማንንም ስም አልጠራችም። ማን ምን እንዳለ በምንም አያስታውቅም። እኔ እንኳ የእትዬን ቃል ከሌላው መለየት አቃተኝ፣ ሁሉም እትዬን ይመስላሉ። ወሬዬን ያነሳ የለም። ለፊሽካ በዓይኔ ነገርኩት።

ኃላፊው ተነሳ። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነበር፣ አልተጫነውም።

«ይዘጋ ነው የምትይው?»

«አይዘጋ። እንዲህ እንዳለ ግን አይቀጥል።»

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና እንዲህ አለ፦ «እነዚያን ባለሱፎች ቀጥረን ቢሆን ይህን ጊዜ እየተጨበጨበልን ነበር።»

ሲስተር ናት መጀመሪያ የሳቀችው። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ከዚያ ሁላችንም። እሱም።

ስንወጣ ጠያቂዋን ያዝኳት። «እህቴ ነገረችኝ» አልኳት፣ «ራሷ።»

«እንዴት አደረግሽ?»

«ወጣብኝ።»

ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

የካቲት 20፣ ዓርብ

መልስ መጣ! አልተዘጋም። ስድስት ወር በሙከራ ይቀጥላል፣ ከዚያ ጠያቂዋ ተመልሳ ታየዋለች፣ የሚሄዱትንም የቀሩትንም። ኃላፊው ይህን ሲነግረን ሰው ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ… ከዚያ ሁሉም እጁን አይቶ ግራ ገባው። ፊሽካ፣ «ለዚህስ ይፈቀዳል!» አለ። አጨበጨብን።

ጠጋኙ ጋ ጎራ አልኩ። «ከማክሰኞ ጀምሮ ቢሄዱ?» አልኩት። «እናንተ ስትሮጡ ማን ይደርስባችኋል?» አለ። «ከኋላ እሄዳለሁ» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። ግን ደስ አለኝ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

እትዬ መጣች። አዲስ ሸራ ጫማ፣ ክሩን ባለቤቴ አስሮላት። ከኋላ ሄድን። እሷ፣ ጠጋኙ፣ እኔ። ያፏጫል አሁንም! ከኋላ ሲኬድ የማያዩት የለም። የሰው በር፣ የሰው አበባ፣ የፊሽካ ቁምጣ ከበስተኋላው መቀደዱን እንኳ ዛሬ አወቅኩ። (ባለቤቴ ይስፋለት።)

«ኋላ ያላችሁ!» ብሎ ጮኸ።

«ኋላ አይደለንም፣ እያየን ነው!» አልኩት።

ዛፉ ሥር ጠረጴዛ የለም። መለኪያው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቷል፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ አንድ ሰው ይገባል፣ አንድ ሰው ይወጣል። መጋረጃውን የሰፋው ባለቤቴ ነው፣ ቀለበቱ ከኔ ሱቅ። ግቢው ጸጥ ብሏል፣ ግን የዚያ ቀኑ ዓይነት ጸጥታ አይደለም። ሰው ያወራል፣ ይሳሳቃል። የኔን ሲስተር በጆሮዬ ነገረችኝ። እዚህም አልጽፈውም።

እትዬ ገባች። ቆየች። ወጣች።

ፊቷን አየሁት። ምንም አይልም። ወርዶ ይሆን? ወጥቶ? ያው ነው? እጆቼ በላኝ። ከጀርባዬ አያያዝኳቸው።

መንገዱን ግማሽ ያህል ዝም ብለን ሄድን። እኔ! ዝም!

«አትጠይቂኝም?» አለችኝ።

«አልጠይቅሽም።»

«ልትፈነጂ ነው።»

«ልፈንዳ።»

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት? ክንዴን ያዘችኝና ክብደቷን ጣለችብኝ። እኔም እንደምንም ችዬ ሱቁ በር ደረስን። ዝም እንዳልኩ። ባለቤቴ በመጋረጃው ብቅ ብሎ አየኝና ታምሜ መሰለው።

እትዬ መንገዱን ልትሻገር ብላ ዞረች።

«ማክሰኞም በዚያው ሰዓት ነው?»

«በዚያው ነው።»

«እንግዲያው ቀስ ብለሽ አንኳኪ። እንደ ዛሬ ጠዋት በሬን እንደ ፖሊስ አትደብድቢው።»

«እሺ እትዬ።»